ልጄ የስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሆን ትፈልጋለች፤ መንገዱ ከየት ይጀምራል?

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ አንብቤ ብቻ ነበር የምወጣው። ዛሬ ግን ምክር ፈልጌ መጣሁ።

ልጄ ባልቲሞር ውስጥ ላው ስኩል ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪና ውስጥ «ስትጨርሺ ምን ዓይነት ጠበቃ ነው የምትሆኚው?» አልኳት። «የሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» አለችኝ። ሳታመነታ። እኔም ዝም ብዬ መንዳቴን ቀጠልኩ። ያልደገፍኳት መስሏት ከፍቷታል። እውነቱ ግን ምን ብዬ እንደምመልስላት ጠፍቶኝ ነው።

እኔ የማውቀው ዐቃቤ ሕግ ወንጀለኛን የሚከሰውን ነው። እዚህ ደግሞ ሰውየው በምርጫ ነው የሚመጣው ይላሉ። ታዲያ ሥራው የሕግ ነው ወይስ የፖለቲካ? ከየት ተነስተው ነው እዚያ የሚደርሱት? እኛ ቤት ትልቅ ስምም፣ ለምርጫ የሚሆን ገንዘብም የለም። ልጄ ባዶ ተስፋ ይዛ እንድትለፋ አልፈልግም። ሕልሟንም መስበር አልፈልግም። የምታውቁ ንገሩኝ።

መዝገብ ቤት

ጋሼ፣ እንኳን ጠየቁ። በአንድ ስቴት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። የማውቀውን ላካፍልዎ።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በአማርኛ «ዐቃቤ ሕግ» ስንል ችሎት ቆሞ ተከሳሽን የሚሞግት ሰው ነው የሚታየን። አሜሪካ ውስጥ ግን አብዛኛውን የወንጀል ክስ የሚይዘው የየአካባቢው ዐቃቤ ሕግ ነው። ሜሪላንድም ውስጥ እንደዚያው ነው። የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ከሁሉ በፊት የስቴቱ ጠበቃ ነው። ስቴቱ ሲከሰስ ይቆምለታል፤ ስቴቱ ሲከስም ክሱን ይመሠርታል። የጤና፣ የትራንስፖርት፣ የማረሚያ ቤት መሥሪያ ቤቶች የሕግ ጥያቄ ሲገጥማቸው የእሱን ቢሮ ነው የሚጠይቁት። አንድ ሕግ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ በጽሑፍ አስተያየት ይሰጣል። ሸማቹን የሚያታልል ነጋዴን ፍርድ ቤት ይገትራል። ከወንጀል ጉዳዮችም የሚይዛቸው አሉ። ለምሳሌ ሜሪላንድ ውስጥ ፖሊስ እጁ ባለበት ሁኔታ ሰው ሲሞት፣ ከ2021 ወዲህ የሚመረምረው የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ይህን ሁሉ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ከሥሩ «ረዳት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ» የሚባሉ ብዙ ጠበቆች አሉ። እኔ አንዷ ነበርኩ። ልጅዎ ልትገባበት የምትችለው በር ይህ ነው። ምርጫ የለበትም። የቤተሰብ ስም አይጠይቅም። አመልክቶ፣ ተፈትኖ፣ ተወዳድሮ መቀጠር ነው። ደመወዙ ከትልልቅ የግል የጥብቅና ድርጅቶች ያንሳል፤ ይህን ከወዲሁ ትወቀው። ነገር ግን ሌላ ቦታ አምስት ዓመት ጠብቃ የምታገኘውን ችሎት እዚህ ቶሎ ታገኘዋለች።

የእኔ የመጀመሪያ ዓመት ሥራ እስረኞች በእጃቸው ጽፈው ለሚልኩት አቤቱታ መልስ ማዘጋጀት ነበር። ማታ ማታ የማይነበብ የእጅ ጽሑፍ እፈታ ነበር። ሕግን የተማርኩት እዚያ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ ቢሮ ውስጥ ተነስተው የት እንደደረሱ ሁለት ሰው ልጥቀስ። ዴቪድ ሱተር በ1968 ኒው ሃምፕሸር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ በረዳትነት ገባ። በ1971 ምክትል ሆነ። በ1976 ራሱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ኒው ሃምፕሸር ውስጥ ሹመት እንጂ ምርጫ የለም። ከዚያ የስቴት ዳኛ ሆኖ ቆየ። በ1990 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆነ። ሁለተኛዋ ሞራ ሂሊ ናት። ማሳቹሴትስ ቢሮ በ2007 ገብታ የሲቪል መብቶች ክፍልን መራች። በ2014 ለቦታው ስትወዳደር ከዚያ በፊት አንድም ምርጫ ተወዳድራ አታውቅም። በፓርቲዋ የቅድመ ምርጫ የገጠመችው የቀድሞ የስቴት ሴናተርን ነበር። አሸነፈችው። ለመራጩ ያሳየችው እዚያ ቢሮ ውስጥ የሠራችውን ሥራ ነው።

ከሮክቪል

እኔ የሜሪላንድን ብቻ ልጨምር፤ ለእርስዎ የሚጠቅመው እሱ ነው።

ከ1987 ወዲህ የነበሩትን አራቱን ይዩ። ጆሴፍ ከረን ምክትል ገዥ ነበር፤ ከዚያ 20 ዓመት ቦታው ላይ ቆየ። ዳግ ጋንስለር የሞንትጎመሪ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ነበር። ብራያን ፍሮሽ በስቴቱ ምክር ቤት ለብዙ ዓመታት የሠራ ሰው ነው። አሁን ያለው አንተኒ ብራውን የጦር ሠራዊት የሕግ መኮንን፣ ምክትል ገዥና የኮንግረስ አባል ነበር። በ2014 ለገዥነት ተወዳድሮ ተሸንፏል። በ2022 ለዚህ ቦታ ተመረጠ፤ የስቴቱ የመጀመሪያው ጥቁር ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። አራት ሰው፣ በየራሱ መንገድ።

ግን አንድ ነገር አደራ። የሜሪላንድ ሕገ መንግሥት ለዚህ ቦታ የሚወዳደር ሰው ቢያንስ አሥር ዓመት በሜሪላንድ ውስጥ መኖርና በሜሪላንድ ውስጥ በሕግ ሙያ መሥራት አለበት ይላል። ይህ በወረቀት ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ2006 ቶም ፔሬዝ ተወዳደረ። በፌዴራል የፍትሕ መሥሪያ ቤት የሲቪል መብት ጠበቃ ሆኖ ለዓመታት ሠርቷል። የካውንቲ ምክር ቤት አባልም ነበር። የሜሪላንድ የጥብቅና ፈቃድ ያወጣው ግን በ2001 ነው። የስቴቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «አሥር ዓመት አልሞላህም» ብሎ ከምርጫው አስወጣው። በኋላ የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኗል። ስለዚህ ችሎታው አልነበረም የጎደለው። የጎደለው ዓመቱ ነው።

ልጅዎ የጥብቅና ፈቃድ ፈተናውን እዚሁ ሜሪላንድ ትፈተን። ዲሲ ጥሩ ሥራ ብታገኝ እንኳ ይህን አስልታ ትሂድ።

የኮነቲከት ነዋሪ

ይህ እኛ ጋም ደርሷል። በ2010 ሱዛን ባይሲዊትዝ የስቴቱ ዋና ጸሐፊ ሆና ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ተወዳደረች። እኛ ጋ ሕጉ «አሥር ዓመት በጥብቅና የሠራ» ይላል። እሷ ፈቃድ ከያዘች ከ20 ዓመት በላይ ሆኗታል። የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ፈቃድ መያዝና በተግባር መሥራት ይለያያል ብሎ ከለከላት። ያን ቀን ዜናውን ስሰማ በጣም ነበር የገረመኝ። ፈቃድ ካለ በቂ ይመስለኝ ነበር።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ይህን የአሥር ዓመት ነገር እሷም የምታውቀው አይመስለኝም።

እህቴ መዝገብ ቤት፣ የእርስዎ ጽሑፍ ብዙ ነገር ከፍቶልኛል። ቢሮው የስቴቱ ጠበቃ መሆኑን አላውቅም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅ። «አታላይ ነጋዴን ይከሳል» ያሉት እንደ እኔ ላለ ተራ ሰው ነው? ወይስ ለትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ?

ተከራይዋ

ይህን እኔ ልመልስ። በእኔ የደረሰ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ አፓርታማ ወጣሁ። ቤቱን አጽድቼ ቁልፍ አስረከብኩ። ማስያዣዬ 1,800 ዶላር ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ አከራይ ማስያዣውን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ከቆረጠም ምክንያቱን ዘርዝሮ መጻፍ አለበት። 45 ቀን አለፈ። ሁለት ወር አለፈ። ስደውል «እናያለን» ይሉኛል። እንግሊዝኛዬ ሲደናቀፍ ስልኩ ይዘጋል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል አቤቱታ አስገቢ አለችኝ። ፎርም ሞላሁ። ውሌንና ፎቶዎቹን አያያዝኩ። ከዚያ አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ድምጿ ገና የተማሪ ነው። ሁሉን በትዕግሥት ሰማችኝ፤ ያልገባትን ደግማ ጠየቀችኝ። ለአከራዩ ጻፈችለት። ችሎት አልቆምንም። ዳኛ አላየንም። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ቼኬ መጣ፤ 1,800 ሙሉ።

ለእኔ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ማለት ያቺ ልጅ ናት። ጋሼ፣ ልጅዎ እሷ ያለችበት ወንበር ላይ ብትጀምር እኔ በጣም ደስ ይለኛል።

ቀጥተኛው

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል። እኔ ግን አንድ ያልተነገረ ነገር አለኝ። ይህ ቦታ ለብዙዎቹ መሸጋገሪያ ነው። ቢል ክሊንተን የአርካንሶ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆነው በ1977 ነው፤ በ1979 ገዥ ሆነ። ካማላ ሃሪስ ከካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ወደ ሴኔት፣ ከዚያ ወደ ምክትል ፕሬዚዳንትነት ሄደች። ጆሽ ሻፒሮ ከፔንሲልቬንያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግነት ወደ ገዥነት ሄደ። ያቺ ሞራ ሂሊም አሁን ገዥ ናት። ልጅቷ እውነቱን ትወቅ። ሥልጣን ከሆነ የምትፈልገው በግልጽ ትበል፤ ለዚያ የሚሆን መንገድ ትያዝ። ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን መተዋወቅ፣ ከፓርቲ ሰዎች ጋር መሥራት ትጀምር። አሥር ዓመት መዝገብ እያገላበጡ መቀመጥ ለሁሉም አይሆንም።

መዝገብ ቤት

ወንድሜ ቀጥተኛው፣ ያልከው ሐቅ ነው። ብዙዎቹ ከዚያ ወጥተው ሌላ ቦታ ደርሰዋል። እኔ የማልስማማው ከዚያ ባወጣኸው መደምደሚያ ነው። ወንበሩ ላይ ሳሉ የሠሩት ሥራ፣ ወዴት ሄዱ ከሚለው በላይ ሰው ሕይወት ውስጥ ይገባል። ሁለት ሰዎችን ጎን ለጎን ላስቀምጥ።

ኧርል ዋረን የአላሚዳ ካውንቲ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ከ1925 ጀምሮ 14 ዓመት ያህል ሠራ። በ1939 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆነ። ከዚያ ገዥ ሆነ። በ1953 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት። በወረቀት ሲታይ ከዚህ የተሻለ የሥራ ጉዞ የለም። ግን በ1942 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሳለ፣ ጃፓናውያን አሜሪካውያን ከምዕራቡ ጠረፍ ተነቅለው ካምፕ እንዲገቡ አጥብቀው ከተከራከሩት አንዱ እሱ ነው። ወደ 120,000 ሰው ቤቱን፣ ሱቁን፣ እርሻውን ጥሎ ሄደ። በኋላ ስለ ሕይወቱ ሲጽፍ በዚህ እንደተጸጸተ ገልጿል። በ1954 ትምህርት ቤቶች በዘር መለያየታቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚለውን ውሳኔ የጻፈውም ይኸው ሰው ነው። እኔ ሁለቱንም አስታውሳለሁ። ለተነቀሉት ሰዎች ግን ጸጸቱ የመጣው ዘግይቶ ነው።

አሁን ደግሞ ዋልተር ሞንዴልን ተመልከት። በ1960 የሚኒሶታ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቦታ ባዶ ሲሆን ገዥው ሾመው። 32 ዓመቱ ነበር። ላው ስኩል ከጨረሰ ገና አራት ዓመቱ። በዚያ ጊዜ ፍሎሪዳ ውስጥ ክላረንስ ጊድየን የሚባል ድሃ ሰው የፑል መጫወቻ ቤት ሰብሮ ገብቷል ተብሎ ተከሰሰ። ጠበቃ አቁሙልኝ ብሎ ለመነ፤ ተከለከለ። ብቻውን ተከራክሮ ተፈረደበት። እስር ቤት ሆኖ በእርሳስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት አቤቱታ ጻፈ። ፍርድ ቤቱም ተቀበለው። የፍሎሪዳ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ ለሌሎች ስቴቶች «ደግፉን» ብሎ ደብዳቤ በተነ። ስቴት ስቴትን መደገፉ የተለመደ ነው። ሞንዴል ግን እንቢ አለ። እንቢ ብሎም ዝም አላለም። ከሌሎች ጋር ሆኖ ደጋፊ አሰባሰበ። በመጨረሻ 22 ስቴቶች ከስቴቱ ወገን ሳይሆን ከእስረኛው ወገን ቆመው ጽሑፍ አስገቡ። በ1963 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ለጊድየን ፈረዱ። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ከባድ ወንጀል ተከሶ ጠበቃ መቅጠር ላልቻለ ሰው መንግሥት ጠበቃ የሚያቆመው ከዚያ ወዲህ ነው። ጊድየን እንደገና ተዳኘ፤ በዚህ ጊዜ ጠበቃ ነበረው። ነጻ ወጣ።

ሞንዴልም በኋላ ሴናተር፣ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኗል። ግን ያኔ ከፈረመው ወረቀት ሌላ ምንም ባይሠራ እንኳ ለእኔ በቂ ነበር። ያን የማይነበብ የእስረኞች አቤቱታ በየሌሊቱ ስፈታ ጊድየንን አስብ ነበር። መዝገብ ማገላበጥ ተራ ሥራ እንዳይመስልህ።

ቀጥተኛው

ተቀብያለሁ። የሞንዴልን አላውቅም ነበር።

ግን ገዥው የሾመው ሰው ገዥውን እንቢ ማለት ይችላል? ይህን ከልቤ ነው የምጠይቀው።

በር አንኳኪ

ለምርጫ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ በየቤቱ በር አንኳኩቻለሁ፤ ይህንን ልመልስ።

ለዚህ ነው 43 ስቴቶች በቀጥታ በሕዝብ ድምፅ የሚመርጡት። በአምስት ስቴቶች ገዥው ይሾማል፦ አላስካ፣ ሃዋይ፣ ኒው ሃምፕሸር፣ ኒው ጀርሲና ዋዮሚንግ። ሜይን ውስጥ የሕግ አውጪው ምክር ቤት ይመርጣል። ቴኔሲ ውስጥ ደግሞ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለስምንት ዓመት ይሾማል። የተመረጠውን ገዥው ሊያባርረው አይችልም። ይህ ምን ያህል እንደሚያዋጣ የሚያሳየው የሚሲሲፒው ማይክ ሙር ነው። እሱም መጀመሪያ የአካባቢ ዐቃቤ ሕግ ነበር። በ1994 የሲጋራ ኩባንያዎችን ከሰሰ። ስቴቱ በሲጋራ ለታመሙ ድሆች ሕክምና ያወጣውን ገንዘብ መልሱ አላቸው። የራሱ ስቴት ገዥ ክሱን ለማስቆም ፍርድ ቤት ሄደ። አልቻለም። ሌሎች ስቴቶች ተከተሉት። አራት ስቴቶች ለየብቻ ተስማሙ። በ1998 ደግሞ 46 ስቴቶች በ25 ዓመት የሚከፈል 206 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ፈረሙ። ገዥው ሊያባርረው ቢችል ኖሮ ያ ክስ የት ይደርስ ነበር?

ጋሼ፣ ስለ ገንዘቡ። አዎ፣ ምርጫው ገንዘብ ይጠይቃል፤ አልዋሽዎትም። በየበሩ ስሄድ ግን ሰው የሚጠይቀኝ «ምን ሠርታለች?» ብሎ ነው። ሽንፈትም አለ። ኤድዋርድ ብሩክ በ1950ና በ1952 ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት ተወዳድሮ ተሸነፈ። በ1960 ለሌላ ቦታ ተወዳድሮ ደግሞ ተሸነፈ። በ1962 የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሆኖ ተመረጠ፤ በመላ አሜሪካ ለዚህ ቦታ በምርጫ የበቃ የመጀመሪያው ጥቁር እሱ ነው። ሴትም ልጥቀስ። አርሊን ቫዮሌት ገዳም የነበረች መነኩሲት ናት። ሕግ ተምራ ለድሆች ተሟገተች። በ1984 በሮድ አይላንድ ተመረጠች፤ በምርጫ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሆነች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ናት። ሮድ አይላንድ ውስጥ ያኔ የሥልጣን ዘመኑ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። በ1986 ተሸነፈች።

ልጅቷ እኔ ነኝ

አባዬ፣ ይህን ውይይት የአክስቴ ልጅ ላከችልኝ። ሁሉንም አነበብኩት። መኪና ውስጥ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ገብቶኛል።

ለምን እንደፈለግሁ አልነገርኩህም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። እማዬ ለነርስ ረዳትነት ሥልጠና የከፈለችበት ትምህርት ቤት በመሃል ተዘጋ። ገንዘቧን የሚመልስ ጠፋ። ማታ ማታ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤዎቹን እያነበብኩ እተረጉምላት ነበር። «ለማን ነው አቤት የሚባለው?» አለችኝ። አላውቅም ነበር። ላው ስኩል አንደኛ ዓመት ላይ ለማን እንደሆነ አወቅሁ። ያን ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

የአሥሩን ዓመት ነገር አላውቅም ነበር፤ ከሮክቪል የጻፉልኝን አመሰግናለሁ። ፈተናውን እዚሁ እፈተናለሁ። እፈራዋለሁ ግን።

መዝገብ ቤት፣ ለመጪው በጋ ለሸማቾች ጥበቃ ክፍል ኢንተርንሺፕ ማመልከት እፈልጋለሁ። ደብዳቤው ላይ የእማዬን ታሪክ ልጻፍ ወይስ ይቅር?

መዝገብ ቤት

ጻፊው የኔ እህት። አጭር አድርጊው፤ አንድ አንቀጽ። ከዚያ ጥሩ የሕግ ጽሑፍሽን አያይዢ፤ እነሱ አጥብቀው የሚያዩት እሱን ነው። ክፍል ውስጥ የጻፍሽው ይሁን፣ ብቻ ሦስት ጊዜ አርሚው።

ፈተናውን አትፍሪው። ካማላ ሃሪስ የካሊፎርኒያውን መጀመሪያ ስትፈተን ወድቃለች። ደግማ ተፈትና አለፈች፤ በ1990 አላሚዳ ካውንቲ በታናሽ ዐቃቤ ሕግነት ጀመረች። ዋረን የነበረበት ቢሮ ነው።

ረቂቁን በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ አይልሻለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጉ አባት

ልጄ፣ እኔ ያን ጊዜ ሁለት ፈረቃ ነበር የምሠራው። ደብዳቤውን አንቺ እየተረጎምሽላት እንደነበር ዛሬ ሰማሁ።

እናትሽን አሁን ጠየቅኋት። የከፈለችበትን ደረሰኝና ውሉን እስከ ዛሬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። ቅዳሜ ስትመጪ አውጥታ ትሰጥሻለች። ደብዳቤሽን ስትጽፊ ቀኑንና ስሙን ከሱ ታይዋለሽ።